ለሙታን መስገድ ወይስ ወላጅን ማክበር? በቻይና የሚስዮን ታሪክ ላይ የተነሣ ክርክር

የመነሻው ጽሑፍ

ለመወያያ ይሆን ዘንድ አንድ ሐሳብ አነሣለሁ። ክርስትና በቻይና ምድር ከገጠሙት ውድቀቶች ዋና ዋናዎቹ የመጡት ሕዝቡ ስለ ሥላሴ ወይም ስለ ትንሣኤ የተነገረውን መቀበል ስላቃተው አይመስለኝም። ሰባኪዎቹ፣ በቻይና ክብር ለማን፣ በምን ሥርዓትና በምን ትርጉም እንደሚሰጥ የመፍረዱን ሥልጣን ከቻይናውያን ወስደው ለራሳቸው በማድረጋቸው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ማቴዎ ሪቺ የተባለው ጣሊያናዊ ኢየሱሳዊ (ጀስዊት የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር አባል የሆነ) ካህን በ1583 ከባልንጀራው ከሩጂየሪ ጋር ዣውቺንግ ከተማ ሲገባ፣ ጸጉሩን ተላጭቶ እንደ ቡድሃ መነኩሴ ለብሶ ነበር፤ የሃይማኖት ሰው መሆኔ በዚህ ይታወቅልኛል ብሎ ነው። ውሎ ሲያድር ግን በአገሩ ሹማምንትና ምሁራን ዘንድ መነኩሴ ዝቅ ተደርጎ የሚታይ መሆኑን ተረዳ። በ1595 ጢሙን አሳድጎ የምሁራኑን የሐር ልብስ ለበሰ፤ በዚያው ዓመትም ስለ ወዳጅነት በቻይንኛ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። በ1601 ቤይጂንግ ገባ። በ1603 ሹ ጓንግቺ የተባለው ምሁር ጳውሎስ ተብሎ ተጠመቀ፤ ይህ ሰው ኋላ በመንግሥቱ ከፍተኛ ከሚባሉት ሹመቶች አንዱን ያዘ። ሪቺ በ1610 ሲሞት ንጉሠ ነገሥቱ ዋንሊ የመቃብር ቦታ እንዲሰጠው ፈቀደ።

ሪቺና ብዙዎቹ ተከታዮቹ፣ አማኞች የሞቱ ወላጆቻቸው ስም በተጻፈበት የእንጨት ሰሌዳ ፊት ዕጣን ቢያጥኑና እጅ ቢነሡ፣ ለጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ ለኮንፊሺየስም እንደ መምህር ክብር ቢሰጡ አንከለክልም አሉ። ኋላ የመጡት የሌሎች ካቶሊካዊ ማኅበራት መነኮሳት፣ ዶሚኒካውያንና ፍራንሲስካውያን ግን ነገሩ ጣዖት አምልኮ ነው ብለው ወደ ሮም፣ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የበላይ መንበር ከሰሱ፤ ክርክሩም ከመቶ ዓመት በላይ ዘለቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ካንግሺ በ1692 ክርስትና በነጻነት እንዲኖር ፈቀደ። በ1700 ደግሞ ኢየሱሳውያኑ ጠይቀውት፣ ሥርዓቶቹ ልጅ ለወላጁ፣ ተማሪም ለመምህሩ ያለውን ክብር የሚገልጹ መሆናቸውን፣ ከሙታን በረከት የሚለመንባቸው አለመሆናቸውን በይፋ አረጋገጠ። ሮም በ1704 ከለከለች፤ በ1715 አጸናች፤ በ1742 ጭራሽ ጉዳዩ እንዳይነሣ በሩን ዘጋች። ካንግሺ በ1721 የሮምን ብያኔ አንብቦ ስብከቱ ይቁም አለ፤ ልጁ ዮንግዠንግም በ1724 ክርስትናን አገደ። ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፦ አንድ ሥርዓት ክብር ይሁን አምልኮ፣ ማን ይፍረድ?

መልሶቹ በዝተው ለማንበብ ስላስቸገሩ፣ ዘግይተው ለሚገቡ አንባብያን የእያንዳንዱን ፍሬ ነገር ከዚህ በታች በራሴ አገላለጽ አስፍሬያለሁ። የራሴን አስተያየት ጣል ማድረጌም አልቀረም።

መልስ 1፦ ጸሓፊው በትሕትና አመስግነው፣ አባትህንና እናትህን አክብር የሚለው ከዐሠርቱ ትእዛዛት አንዱ መሆኑን፣ ሐዋርያው ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ተስፋ ያለው ፊተኛ ትእዛዝ ብሎ እንደ ጠራው አስታወሱ። ስለዚህ ቻይናዊው ክርስትናን ሲሰማ ክብር የሚባለውን ነገር ከውጭ ሰው የሚማርበት ምክንያት የለም፤ ምናልባት ሰባኪው ከእርሱ ሊማር ይገባ ነበር ሲሉ ደመደሙ።

መልስ 2፦ አንድ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ መምህር ሁለት ማረሚያ ይዘው መጡ። የመጀመሪያው፣ ሮም ከመነሻው አንድ ቃል ብቻ እንዳልተናገረች ነው። በ1645 ዶሚኒካዊው ሞራሌስ ያቀረበውን ሰምታ ከለከለች፤ በ1656 ኢየሱሳዊው ማርቲኒ ያቀረበውን ሰምታ ፈቀደች። ሥርዓቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ተራኪው ነው። ሁለተኛው፣ ከክርክሩ ጀርባ የሥልጣን ሽኩቻ መኖሩ ነው፤ የፖርቱጋል ንጉሥ የምሥራቁ ሚስዮን በእኔ ሥር ነው ሲል፣ ሮም በ1622 ያቋቋመችው የስብከተ ወንጌል ጉባኤ ደግሞ የራሱን ወኪሎች፣ በተለይ ፈረንሳውያንን ይልክ ነበር። እኔ በበኩሌ ሁለተኛውን ነጥብ ለመነሻ ሐሳቤ ድጋፍ አድርጌ ነው የማየው፤ አውሮፓውያን በመካከላቸው ያለውን ጠብ ሲጨርሱ የቻይናዊው እናት መቃብር መፋለሚያ ሜዳ ሆነ።

መልስ 3፦ ይህ ከሁሉም ይልቅ ቀልቤን ሳበው። ጸሓፊዋ በ1706 ጀሆል በሚባለው የበጋ ቤተ መንግሥት የሆነውን ዘርዝራ ተረከች። ሜግሮ የተባለው ፈረንሳዊ ጳጳስ ቀደም ሲል በ1693 በፉጂያን አውራጃ ሥርዓቶቹን በራሱ ትእዛዝ ከልክሎ ነበር። ካንግሺ አስጠርቶት ከዙፋኑ በላይ የተጻፉትን አራት ፊደላት አንብብልኝ አለው፤ ለይቶ ያወቀው አንዱን ብቻ ነው። ስለ ኮንፊሺየስ ትምህርት ሲጠየቅም መልስ አጣ። ንጉሡ ሰውየውን ከአገር አስወጣው፤ ከዚያ ወዲህም በቻይና መኖር የሚሻ ማንኛውም ሚስዮናዊ የሪቺን ሥርዓት እከተላለሁ ብሎ የፈቃድ ወረቀት እንዲይዝ ታዘዘ። ጸሓፊዋ እንዳለችው፣ ጳጳሱ በዚያ አዳራሽ ያዋረደው ራሱን ብቻ አልነበረም፤ ያላነበበውን መጽሐፍ ሲያወግዝ በተገኘ ሰው ምክንያት ሌሎቹም አብረው ተሸማቀቁ።

መልስ 4፦ ከዚህ ላይ ንግግሩ መምረር ጀመረ። ጸሓፊው፣ ሁላችንም የቤተ መንግሥት ወሬ እያደነቅን ድኻውን ረስተነዋል አሉ። ኢየሱሳውያኑ የተቀመጡት ከምሁራን ጋር ነው፤ ምሁር ደግሞ ሥርዓቱ መታሰቢያ ብቻ ነው ይላል። ዶሚኒካውያኑ ግን በፉጂያን መንደሮች ከገበሬው ጋር ኖረው፣ ለሙታን ምግብ ሲቀርብ፣ ወረቀት ሲቃጠል፣ የአባት መንፈስ ተቆጥቶ ቤት እንዳይመታ ሲለመን በዓይናቸው አይተዋል። ካንግሺ ስለ ገበሬው እምነት ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ንጉሥ ስለ ድኻ ቤት ምን ያውቃል ሲሉም ጠየቁ። የጸሓፊው አነጋገር ቢጎረብጥም በዚህ ሁሉ ውይይት ከቀረቡት ተቃውሞዎች ውኃ የሚቋጥረው ይህ ነው። ማን ይፍረድ ስል የጠየቅሁት፣ ቻይናውያን ከሚል መልስ አልፎ የትኛው ቻይናዊ የሚል ሌላ ጥያቄ አስከተለብኝ።

መልስ 5፦ ለመልስ 4 የተሰጠ ነው። ጸሓፊው፣ ሉዎ ዌንዛው የተባለውን የፉጂያን ተወላጅ አስታወሱ። ይህ ሰው ራሱ ዶሚኒካዊ ነበር፤ ከዚያው አውራጃ ተወልዶ፣ በዚያው ሕዝብ መካከል አገልግሎ፣ በ1685 በጓንግዡ ከተማ የመጀመሪያው ቻይናዊ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። የማኅበሩ ወንድሞች አብዛኛዎቹ ሥርዓቶቹን ሲያወግዙ እርሱ ይፈቀዱ ካሉት ወገን ቆመ። ከእርሱ በኋላ ቻይናዊ ጳጳስ የተሾመው በ1926 ነው፤ ስድስት ቻይናውያንን ሮም ውስጥ የሾሙት የካቶሊኩ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ነበሩ። ከ1685 እስከ 1926 ያለውን ዘመን ቁጠሩት፤ ስለ ክብር ይህን ያህል የተከራከረች ቤተ ክርስቲያን ለአንድ ቻይናዊ የጳጳስ በትር ለመስጠት ሁለት መቶ አርባ ዓመት ፈጀባት ሲሉ ጸሓፊው ጽሑፋቸውን ዘጉ። ከዚህ በኋላ መልስ 4ን የጻፉት ሰው ለጥቂት ጊዜ ድምፃቸው ጠፋ።

መልስ 6 እና 7፦ ዱከም በሚገኘው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን የሚሠራ አንድ ወጣት፣ ቻይናዊ አለቃውን ስለ እምነት እንዴት ማነጋገር እንደሚችል ጠየቀ። ከእርሱ ቀጥለው የጻፉት ሰው፣ አለቃን በሠራተኛ ፊት ማረም፣ ግብዣ ሲጠሩም በደፈናው እምቢ ማለት በሩን እንደሚዘጋ፣ ከዚያ ይልቅ በመካከል ሆኖ የሚያቀራርብ ሰው መፈለግ እንደሚሻል፣ ይህም ለእኛ ሽማግሌ እንደ መላክ ያለ መሆኑን መከሩት። ምክሩ መልካም ነው፤ ግን ሌላ ርእስ ነው።

መልስ 8፦ ጸሓፊው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሲያነቡ ቆይተው አንድ ከባድ ነገር ጣሉ። በ1600 ሪቺ ወደ ቤይጂንግ ሲጓዝ፣ ማ ታንግ የተባለው የቤተ መንግሥት ጃንደረባ ቲያንጂን ላይ ዕቃውን ያስፈትሻል። ሰዓቶቹንና ሥዕሎቹን ሲያገላብጡ ከእንጨት የተቀረጸ፣ ደሙ በቀለም የተሣለ የስቅለት ምስል ተገኘ። ጃንደረባው ደንግጦ፣ ይህ ንጉሡን ለመግደል የተሠራ መተት ነው ብሎ ጮኸ። ሪቺ ያን ጊዜ ይህ የዓለም ፈጣሪ ነው ብሎ ለማስረዳት ተቸገረ፤ በአገራችን ታላቅ ቅዱስ የነበረ፣ ስለ እኛ በመስቀል መከራ የተቀበለ ነው የሚል መልስ ሰጥቶ አለፈው።

ጸሓፊው ቀጥለውም በ1664 ያንግ ጓንግሺየን የተባለው የኢየሱሳውያኑ ጠላት፣ የስቅለቱን ሥዕል ራሱን ማስረጃ አድርጎ፣ እነዚህ ሰዎች የሚያመልኩት በሕግ የተፈረደበትን ወንጀለኛ ነው ብሎ ክስ እንዳቀረበ አነሡ። በቤተ መንግሥቱ የሥነ ፈለክ ኃላፊ የነበረው ኢየሱሳዊ፣ ሽማግሌው አዳም ሻል፣ በሽታ አንደበቱን ይዞት መናገር ተስኖት ስለ ነበር፣ ችሎት ፊት ስለ እርሱ የተናገረው የማኅበሩ ባልንጀራ ፈርቢስት ነው፤ ሻል ሞት ተፈርዶበት፣ የምድር መናወጥ ሲደርስ ተለቀቀ። አብረውት ሲሠሩ ከነበሩት ክርስቲያን ቻይናውያን የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች አምስቱ ግን ተሰይፈዋል። የጸሓፊው ጥያቄ እንግዲህ፣ ወንጌልን በክብር ቋንቋ ብቻ የሚነግር ሰው መስቀሉን በሻንጣው ውስጥ ደብቆ የሚጓዝ አይሆንምን የሚል ነው።

መልስ 9፦ ለመልስ 8 የሰጡት መልስ ለእኔ አጥጋቢ ነው። ጸሓፊዋ እንዳስረዱት፣ የመስቀልን ነውርነት በደንብ የተረዱት ጃንደረባውና ያንግ ጓንግሺየን ናቸው። እኛ በአንገታችን ወርቁን አንጠልጥለን ስለ ኖርን ነውርነቱ ደብዝዞብናል። ወደ ዕብራውያን የተጻፈው መልእክት ክርስቶስ ነውርን ንቆ በመስቀል ታገሠ ሲል፣ ክብር የሚገባው እርሱ ክብሩን ጥሎ ስለ ሌላው ተዋረደ ማለቱ ነው፤ ይህን ደግሞ ክብርን የማያውቅ ሰው ሊገባው አይችልም። ጸሓፊዋ የጠፋውን ልጅ ታሪክም ጨመሩ። ልጁ አባቱ በሕይወት ሳለ ውርሴን ስጠኝ ሲል፣ አንድ የምዕራብ አገር አንባቢ ገንዘብ አባካኝነቱን ያያል፤ ቻይናዊ አንባቢ ግን አባቱን ገና ሳይሞት እንደ ሙት መቁጠሩን ያያል። ልጁ ሲመለስ ያ የተዋረደ ሽማግሌ በመንደሩ ፊት መሮጡ ደግሞ ከልጁ ጥፋት ይልቅ ያስደነግጠዋል።

መልስ 10፦ አንዲት ጸሓፊ በወንዶቹ ሁሉ ላይ ቆጣ አሉ። ክብር ክብር ስትሉ፣ ክብሩ በማን አካል ላይ እንደሚጻፍ አላሰባችሁም የሚል ነው ነገሩ። የቻይና ቤተሰብ ክብር ለብዙ መቶ ዓመታት በሴት ልጅ እግር ላይ ታስሮ ነበር፤ ሕፃናት በአምስትና በስድስት ዓመታቸው ጣቶቻቸው ወደ ውስጥ ታጥፈው በጨርቅ ይጠፈሩ ነበር፤ እግሯ ያልታሰረ ልጅ ጥሩ ባል አታገኝም፣ ቤቷንም ታዋርዳለች ይባል ነበር። በ1874 በሺያመን ከተማ ስልሳ ያህል ክርስቲያን ሴቶች ከሚስዮናዊው ከማክጎዋን ጋር ተሰብስበው የልጆቻችንን እግር አናስርም ብለው ማኅበር መሠረቱ። እነዚህ ሴቶች የአገራቸውን የክብር ሥርዓት ተቃወሙ፤ ደግሞም ቻይናውያን ናቸው። ስለዚህ የአገሩ ሰው የሚለው ሁሉ ይጽና ማለት፣ በአብዛኛው የአገሩ ሽማግሌ ወንድ የሚለው ይጽና ማለት ነው ሲሉ ደመደሙ። ማንም በቀጥታ አልመለሰላቸውም፤ ሁለት ሰዎች ብቻ መስማማታቸውን ገለጹ።

መልስ 11፦ ከጎንደር ታሪክ ጋር የተዋወቁ የሚመስሉ ጸሓፊ ወደ አገራችን አመጡት፤ ዝምድናው እውነተኛ ስለ ሆነ አልከለከልኩም። ሪቺ ቤይጂንግ በገባ በሁለት ዓመቱ፣ በ1603፣ የዚያው ማኅበር አባል ፔድሮ ፓኤዝ ኢትዮጵያ ገባ። አማርኛና ግእዝ ተምሮ፣ በቤተ መንግሥቱ በትዕግሥት ተቀምጦ የአፄ ሱስንዮስን ልብ አገኘ፤ በ1622 ሞተ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ ሜንዴዝ ግን ጥምቀቱና ክህነቱ እንደገና እንዲሰጥ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ፣ ግዝረትም እንዲቀር ጠየቀ። ሕዝቡ በአባቶቹ ላይ የተጣለ ስድብ አድርጎ ወሰደው። ብዙ ደም ፈሶ በ1632 አፄ ፋሲለደስ የቀደመውን እምነት መለሱ፤ ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ። አባትህ ያልተጠመቀ ነበር የተባለ ኢትዮጵያዊና አያትህን አታክብር የተባለ ቻይናዊ የደረሰባቸው በደል አንድ ዓይነት ነው ሲሉ ጸሓፊው አነጻጸሩ።

መልስ 12፣ 13 እና 14፦ እነዚህን ባላነሣቸው በወደድሁ። አንዱ ወገን፣ ቻይናዊው ለአባቱ ዕጣን ሲያጥን ጣዖት አምላኪ የምትሉ እናንተ የእኛን ተዝካርም እንዲሁ ስትሉ ኖራችኋል አለ፤ ሌላው ወገን፣ ተዝካርማ ድኻን ዕዳ ውስጥ የሚከት ድግስ ነው ብሎ መለሰ፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ሰደበ። ለሙታን የሚጸለየው ጸሎት ለፈጣሪ የሚቀርብ መሆኑና በቻይና የተጠየቀው ግን ዕጣኑ ለማን ይጤሳል የሚል መሆኑ፣ ልዩነቱ ይኸው ነው፤ እርሱን ያነሣ ሰው አልነበረም። ስድቡን አንሥቼ ቀሪውን ትቼዋለሁ።

መልስ 15፦ ውይይቱን ወደ መሥመሩ የመለሱት እኚህ ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት ነገሩ ተገለበጠ አሉ፤ ሪቺ ክብርን በእንግድነት ለምኖ ሲያገኝ፣ ምዕራባውያን ቻይናን ድል ከነሡባቸው ከኦፒየም ጦርነቶች በኋላ የመጡት በውል አስገድደው ወሰዱት። የቻይና መንግሥት በ1899 የካቶሊክ ጳጳሳት ከአገረ ገዢዎች ጋር እኩል ማዕረግ እንዲሰጣቸው እስከ መደንገግ ደረሰ፤ ፕሮቴስታንቶቹ በአብዛኛው ይህን አልተቀበሉም፤ ድንጋጌው በ1908 ተሻረ። ድንጋጌው በወጣ በዓመቱ ግን፣ በ1900፣ በውጭ ሰዎችና በክርስትና ላይ የተነሣው የቦክሰሮች አመፅ ፈነዳ፤ ከሟቾቹ እጅግ የሚበዙት ቻይናውያን ክርስቲያኖች ነበሩ። ኃያላኑ መንግሥታት 450 ሚሊዮን ቴል (ቴል ቻይና የብር ማዕድን የምትመዝንበት መለኪያ ነበር) ካሳ ጣሉ። እንግሊዛዊው ፕሮቴስታንት ሃድሰን ቴይለር የመሠረተው የቻይና የውስጥ አገር ሚስዮን 58 አዋቂዎችና 21 ሕፃናት ተገድለውበት እያለ ካሳ አልቀበልም አለ። ጸሓፊው እንደሚሉት፣ በደል ደርሶበት ዋጋ የማይጠይቅ ሰው በቻይና ዓይን ምን ያህል ከፍ እንደሚል ለማወቅ የዚያን ዘመን የሻንሺ ባለሥልጣናት ምስጋና ማየት ይበቃል።

መልስ 16፦ መልስ 4ን የጻፉት ሰው ተመለሱ፤ አሁንም ስለታቸው አልደነዘዘም። ቴይለርን አታግንኑት፤ በ1855 የቻይና ልብስ ለብሶ፣ ጸጉሩን እንደ ቻይናዊ አስጎንጉኖ ብዙ ወገኖቹን ያሳፈረው ይኸው ሰው፣ በ1890 በሻንግሃይ የሚስዮናውያን ጉባኤ ላይ ማርቲን የተባለው አሜሪካዊ ለቀደሙ አባቶች የሚደረገው ሥርዓት በመቻቻል ይታይ የሚል ጽሑፍ ሲያቀርብ፣ የምትቃወሙ ሁሉ ከመቀመጫችሁ ተነሡ ብሎ ጉባኤውን አስነሣ፤ አብዛኛው ቆመ አሉ። ልብሱን መልበስ ቀላል ነው፤ ከባዱ መቃብሩ ዘንድ መቆም ነው። ይህን ሳነብ፣ ሰውየው እየተከራከሩ ያሉት ለእኔ ይሁን በእኔ ላይ መለየት አቃተኝ።

መልስ 17፦ የታሪኩ መምህር እንደገና ገቡ። ሮም እገዳውን ያነሣችው በታኅሣሥ 1939 ነው፤ በሬሳ፣ በሟች ሥዕል ወይም ስም ብቻ በተጻፈበት ሰሌዳ ፊት ራስን ዝቅ ማድረግ ተፈቀደ። ምጸቱ ግን ከዚያ በፊት ባለው ላይ ነው። ጃፓን በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ያቆመችው የማንቹኩዎ መንግሥት ሹማምንት በ1935 ለኮንፊሺየስ የሚደረገው ክብር ሃይማኖታዊ አይደለም ብለው ሲያረጋግጡ፣ ሮም ቃላቸውን ተቀበለች። ይህንኑ ቃል በ1700 ካንግሺ፣ የቻይና ንጉሠ ነገሥት፣ በራሱ ሥልጣን ተናግሮት ነበር። የአሻንጉሊት መንግሥት ምስክርነት የጸናበት፣ የካንግሺ የወደቀበት ምክንያት የሥነ መለኮት ነው የሚል ካለ ያስረዳኝ ሲሉ ጽሑፋቸውን ጨረሱ።

መልስ 18፦ በቻይና ዩኒቨርሲቲ የተማረ አንድ ወንድም የጓደኛውን ነገር አመጣ። ጓደኛው በቤት ውስጥ በምትሰበሰብ አንዲት ጉባኤ ለመጠመቅ ይማር ነበር። በእኛ መጋቢት 26 ወይም 27 ቀን በሚውለው የቺንግሚንግ በዓል ቤተሰቡ ሁሉ የአያቱን መቃብር ሊያጸዳ ወጣ። ልጁም አብሮ ሄዶ ሣሩን ነቀለ፣ አበባ አስቀመጠ፣ ወረቀት ማቃጠሉን በትሕትና ለአጎቱ ተወ፤ አባቱ ከጎኑ ሲያጎነብስ ግን አብሮ አጎነበሰ። ይህን የሰማው የጉባኤው መጋቢ፣ እርሱም ቻይናዊ፣ ያደረግኸው ስግደት ነው ብሎ ጥምቀቱን ወደ ሚቀጥለው ዓመት አዛወረበት። ልጁ በአያቴ ፊት አንገቴን ባላጎነብስ አባቴን በዘመዶቹ ሁሉ መካከል ማዋረዴ ነበር ብሎ በአቋሙ ጸና።

መልስ 19፦ መልስ 10ን የጻፉት እኅት ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ፤ መጋቢው ከመወሰኑ በፊት አባትየውን አነጋግሮ እንደ ሆነና በጉባኤው ያሉት እናቶች ምን እንዳሉ። የመጀመሪያው መልስ አላነጋገረውም የሚል ነው፤ ሁለተኛውን ወንድማችን አጣርቶ እንደሚጽፍ ቃል ገብቷል። እኔም እስከዚያ ድረስ ክሩን ክፍት አድርጌዋለሁ፤ ስለ ተዝካር መጻፍ የሚሻ ግን ሌላ ክር ይክፈት።